የጎደለው ራም

በቤታችን ያለ ወንበር ሁሉ ከሥሩ ቀይ ነጥብ አለው። ድስቱን ብትገለብጡት አለው፤ የግድግዳውን ሰዓት ብታወርዱት ከጀርባው አለው፤ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምይዘው ቦርሳ እንኳ ከውስጥ በኩል፣ ስፌቱ ሥር፣ ነበረው። የአባቴ ሥራ ነው። አባቴ እስከ ጡረታው ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ብርድ ልብስ ተሸልሞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አባቴ ግን ግምጃ ቤቱን ራሱን ይዞ ካዛንቺስ ወዳለችው የቀበሌ ቤታችን መጣ።

ሕጎቹ ብዙ አልነበሩም። አዲስ የገባ ዕቃ በማግስቱ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ የሚደረገው ሌባ በማያይበት ቦታ ነው። ምልክት ያደረገ ሰው ለማንም አይናገርም፣ ለሚስቱም ቢሆን። የጎደለ ነገር ካለ ደግሞ ተጠርጣሪውና ምስክር ባሉበት እንጂ ለብቻ አይከፈትም። «መጋዘን ለብቻህ ከከፈትክ የጎደለው ሁሉ ያንተ ነው» ይል ነበር። ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የሚያስታውሰው ከተመነጠረ በኋላ ነው፤ አባቴ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ይጀምረዋል።

እናቴ በዚህ ጠባዩ ስትስቅ ኖረች። እኔ አልሳቅኩም፣ ወረስኩት። ቄራ ሄጄ ሥጋ ስገዛ ዓይኔ ከሚዛኑ አይነሳም፤ ሰው ሲያሞግሰኝ «ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ። ከእኛ ቤት ወጣ ያለችው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። እሷ ቦርሳዋን ታክሲ ውስጥ ለማታውቀው ሰው አስይዛ ፀጉሯን የምታስተካክል ሰው ናት፤ የሚገርመው ደግሞ ቦርሳው ጠፍቶባት አያውቅም።

ቀዩ ቀለም ከጊዜ በኋላ ቆርቆሮው ውስጥ ደረቀ። እናቴ «ተመስገን» ብላ ወስዳ ጣለችው። የምልክቱ ነገር በዚያው ያበቃ መስሎን ነበር።

ኮምፒውተሩ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ኡራኤል አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት እሠራ ነበር፤ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ደግሞ ቤት ውስጥ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። በሰፈራችን ኮምፒውተር ያለው ቤት ገና ጥቂት ስለነበር ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ የክብር ቦታ ተሰጠው። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው። አባቴ ሳጥኑን አገላብጦ አየው። ከሥሩ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም፤ የቆርቆሮው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

መጀመሪያ የታመመው በቫይረስ ነው። ሲፒዩ የምንለውን ትልቁን ሳጥን በነጠላ ጠቅልለን፣ እኔና እህቴ ታክሲ ውስጥ ጭናችን ላይ አድርገን፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው። ስለ ጠጋኞች የሚወራውን እኔ በደንብ ሰምቻለሁ። አንተ ዞር ስትል ደህናውን ዕቃ አውጥተው አሮጌውን ይከቱበታል፣ ይባላል። ስለዚህ ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሻይ ሲጋብዘኝ እምቢ አልኩ፤ ሻይ ሲጠጣ ዓይን ወደ ብርጭቆ ይወርዳላ። እኔ የልጁን እጅ ስጠብቅ እህቴ ፊቱን ታይ ነበር። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ መጠበቅ የነበረብኝ ሌላ ነገር ኖሯል።

ልጁ ቀጭን ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር «ማለቴ» የሚያበዛ። እኔ ደግሞ «ማለቴ» የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ባይ ነኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሆን ይታመም ጀመር። እህቴ «ድምፅ ያሰማል» ትላለች፤ ድምፁን ከእሷ በቀር የሚሰማ የለም። «ይግላል» ትላለች፤ እኔ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ሜክሲኮ ተመላለሰች። በመጨረሻ አንድ ቀን እናቴ ዘንድ ቀርባ «እማዬ፣ አንድ ልጅ አለ» አለች፤ እናቴም «ካቻቪቴ የያዘው ነው?» አለቻት። እናቶች ከግምጃ ቤት ኃላፊ የበለጠ ያያሉ፤ ምልክት ግን አያደርጉም።

ልጁ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በጠጋኝነቱ ነው። የምተይበው ጽሑፍ እየበዛ ኮምፒውተሩ ስለከበደው፣ «ራም ይጨመርበት» ብሎ መክሮኝ ራሱ አመጣልኝ። ራም ማለት ከጣት ትንሽ የምትረዝም ቀጭን ሰሌዳ ናት። በአንድ ጠርዟ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ጥርሶቹ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ስንጥቅ ይገባሉ። ራሙ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፤ ሲያንስ ያዘግማል። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ ነበር። ልጁ ሳጥኑን ለመክፈት ሲመች ብሎ አንዱን ወንበር ገልብጦ ሲያስቀምጥ ከሥሩ ያለውን ቀይ ነጥብ አየ፤ ቀጥሎ ሳጥኑን ሲያዞረው እዚያም አየ። እህቴን ቀና ብሎ ተመለከታት፤ እሷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አባቴ ከራስጌው ቆሟል።

«ይቺ ናት ራም የምትባለው?» አለው።

«አዎ ጋሼ። ማለቴ፣ አንዷ ከበፊቱም ነበረች፣ ይቺ ሁለተኛዋ ናት።»

«እስቲ አስገባት።»

አስገባት።

«እስቲ መልሰህ አውጣት።»

ልጁ ደስ አለው። የሚስቱ አባት እንዲሆን የሚመኘው ሰው ለሥራው ፍቅር ያደረበት መስሎት፣ ማቀፊያዎቹን በሁለት አውራ ጣት ወደ ውጭ እንዴት እንደሚጫኑ፣ ሰሌዳዋ እንዴት ብድግ እንደምትል እየደጋገመ አሳየው። እኔ አባቴን አውቀዋለሁና ምን አስቦ ይሆን እያልኩ አየሁት። አባቴ ካላሰበበት ነገር አይጠይቅም።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ ስክሪኑ ይጠቁርና ያለውን ራም ይቆጥራል። ያን ቀን ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብሎ ቆመ። አባቴ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ደገመው፤ መነጽሩን አወለቀ። ኮምፒውተሩ እንደዚያ ፈጥኖ ሲከፈት አይቼው አላውቅም። ልጁ የጎን ክዳኑን ሲገጥም ሁለት ብሎን ጎደለውና «በኋላ አመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ እናቴ፣ እኔና እህቴ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አባቴ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀረ። ሰኞ እኔ ቢሮ፣ አባቴና እናቴ ለቅሶ ቤት ሳሉ ልጁ ብሎኖቹን ይዞ መጣ፤ ቤት የነበረችው እህቴ ብቻ ናት። በዚያው ሰሞን የእህቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠፋና እኔን ጠረጠረች። ጥፍሬን ቀብቼ እንደማላውቅ እያየች መጠርጠሯ አናደደኝ። «እኔ ምን ሊያደርግልኝ?» አልኳት። «ቅናት ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ሁለታችንም እሳት ሆነን አደርን።

ለዚህች ቃል ምክንያት ነበራት። ታላቋ እኔ ነኝ፤ ጠያቂ የመጣው ግን ለታናሺቱ ነው። ሰፈሩ ይህን እየተቀባበለ ሲያመነዥክ እኔም ሰምቻለሁ። ስለ ልጁ ምንም ብናገር ከዚያ ውጭ ሌላ ትርጉም እንደማይሰጠው ስለማውቅ ዝም ማለትን መርጬ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ የልጁ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ ታላቁ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከዘራ የያዙ፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አባቴም እንደ ወጉ «እናስብበት፤ በሌላ ጊዜ ተመለሱ» አላቸው። ወጉ እንዲህ ነው፤ ሴት ልጅ በአንድ ጥያቄ አትሰጥም። ፊቱ ግን ጥሩ ነበር። እህቴ ጓዳ ውስጥ ትራስ አቅፋ ትዘል ነበር።

ያን ሰሞን ቢሮ ሥራ በዝቶብኝ ኮምፒውተሩን አልነካሁትም ነበር። ሽማግሌዎቹ በመጡ ማግስት ቁልፉን ተጫንኩ። ልብሴን ቀየርኩ፤ እየተከፈተ ነው። ሻይ ጣድኩ፤ ሻዩ ፈላ፤ እየተከፈተ ነው። ተከፈተ ስል ደግሞ አንዱን ነገር ስነካው ያቺ የአሸዋ ሰዓት ብቅ ትልና ሻዬን ጨርሼ ብርጭቆውን እስካጥብ ድረስ አትነቃነቅም። ያን ቅዳሜ ፍጥነቱን አይቼ ይሁን አላውቅም፣ ከአዲሱ ራም በፊት እንኳ እንዲህ የነበረ አልመሰለኝም።

ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር አዋቂ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ነገርኩት። «ፎርማት አድርጊዋ!» አለኝ። ያን ጊዜ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት ነበር፤ የታመመውን ሁሉ ጠበል እንደ መንከር ነው። ግን ፎርማት ማድረግ ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው፤ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ተቀምጦበት እንዴት አድርጌ? እምቢ አልኩና በራሴ መንገድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቫይረስ ጠረጠርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ሲፈተሽ ዋለ፤ የተገኘ የለም። ቀጥሎ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ጠረጠርኩ፤ አንድ በአንድ አስቆምኳቸው፤ ለውጥ የለም። ፕሪንተሩን ነቀልኩ። በሳጥኑ ጀርባ በኩል አቧራውን እፍ አልኩ፤ አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ኮምፒውተሩ እንደነበረው ነው።

ከዚያ ገና ሲነሳ ያለውን ጥቁር ስክሪን አተኩሬ አየሁት። ቁጥሩ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ላይ ቆመ።

አጥፍቼ እንደገና ለኮስኩት። አንድ መቶ ሃያ ስምንት። ልክ ግማሽ።

 ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ተጠራጣሪ ሰው ለብቻው የሚያውቃት ደስታ አለች፤ «ብዬ ነበር» የምትል። «ማለቴ» የሚያበዛ ሰው! የማገናኘው ነገር ሁሉ መጣልኝ፤ ብሎን ረሳሁ ማለቱ፣ እኛ በሌለንበት ሰኞ መምጣቱ፣ ሻይ መጋበዙ።

«ስንት ይላል?»

አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ነገርኩት።

«ስንት ነበር?»

እያወቀ ነው የጠየቀኝ። መነጽሩን አድርጎ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እህቴን ጠራት።

«ራሙ በገባ ሰሞን፣ ሰኞ ዕለት ማን መጥቶ ነበር?»

«እሱ ነዋ፤ ብሎን ሊያስር። ምነው?»

«አጠገቡ ነበርሽ?»

«ውሃ ላመጣለት ጓዳ ገብቼ ነበር... አባባ፣ ምንድን ነው?»

አባቴ ነገራት። ድምፁን አላነሳም። ራሙ ጎድሏል፣ ከልጁ በቀር ሳጥኑን የከፈተ የለም፣ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በእነሱ ፊት ይከፈታል፤ ዕቃው ከሌለ ሌባ ልጄን አልድርም፣ አላት። በቃ። እኔ ካቻቪቴ አንስቼ «አሁኑኑ እንየው» ስል እጄን ያዘኝ። «ለብቻ አይከፈትም» አለኝ። ካቻቪቴውን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እህቴ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«አንቺ ነሽ!»

«እኔ ያነበብኩት ቁጥር ነው።»

«ደስ ብሎሽ ነው ያነበብሽው። ፊትሽ ላይ አየሁት እኮ!»

 ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ስልኳ እጇ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብትደውልለት፣ ብትጠይቀው፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ቁጥሩን አወጣችው፤ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ መልሳ አጠፋችው።

«ለምን አትደውዪለትም?» አልኳት።

«ብደውልለትና ዝም ቢለኝስ?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቦርሳዋን ለማታውቀው ሰው የምታስይዘው እህቴ እንዲህ አለች። በዚያች ቅጽበት ከልጁ ይልቅ ለእሷ ልቤ ተሰበረ። የእኛ ቤት ጠባይ እሷ ላይም ሲጋባ በዓይኔ አየሁት፤ ደስታዬም በዚያው ጠፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሙ እዚያው ተገኝቶ እኔ ብዋረድ ብዬ ተመኘሁ። ቁጥሩን ግን በየቀኑ አየው ነበር፤ አንድም ቀን አልተለወጠም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ። እናቴ «አረፍ በሉ እንጂ» አለች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ታላቁ ሽማግሌ፤ ዓይናቸው ግን ወንበሩን እያየ ነበር፤ ጉልበታቸው ነው።

«መልካም፤ ቁሙ» አለ አባቴ። «ልጁ ይጠራልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ልጁ? ኧረ ጌታዬ፣ ልጁ እዚህ ምን ሊያደርግ? ይሄ እኮ የሽማግሌ ጉዳይ ነው።»

«ወጉን አላጣሁትም። ግን ኮምፒውተሩን እሱ ከፍቶት ከሄደ በኋላ ንብረት ጎድሎብኛል። በእናንተ ፊት ይከፈት።»

«ልጃችን ሌባ ነው እያሉን ነው?»

«አላልኩም። ይከፈት ነው ያልኩት።»

እንዲህ ያለ ሽምግልና በካዛንቺስም ሆነ በሌላ ቦታ ታይቶ የሚታወቅ አይመስለኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንሂድ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ታላቁ በከዘራቸው መንገዱን ዘግተው ስልክ አወጡ። ልጁ ሩቅ አልነበረም፤ ዋናው መንገድ ላይ ጭማቂ ቤት ተቀምጦ መልሱን እየጠበቀ ነበር። ሱፍ ለብሶ እየሮጠ መጣ፤ ገና በሩ ላይ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። እህቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ናት። ማንም ሰላም አላለውም፣ እኔም ጭምር።

አባቴ ካቻቪቴውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። «ያስገባሃትን ራም አሳየን።»

ልጁ ገባው። ፊቱ ጥቁር አለ። አንድም «ማለቴ» አልወጣውም። ተንበርክኮ ብሎኖቹን ፈታ፤ ክዳኑን አወረደ። እኔ እንደ ልማዴ ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ እጁን እየጠበቅኩ ነው።

ሁለቱም ራሞች አሉ። አንዷ ከአንዷ ጎን፣ እንዳስቀመጣቸው።

 ግን ቁጥሩስ? ልጁ ማቀፊያዎቹን ተጭኖ ሁለተኛዋን አወጣትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። እኔም እሱም እኩል አየነው። ወርቃማዎቹ ጥርሶች ላይ፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብተው በሚደበቁበት በኩል፣ ቀይ ቀለም ተለጥፏል። ክብ፣ በጥንቃቄ የተቀባ ነጥብ ነው፤ ሳይደርቅ መልሶ ሲሰካ ወደ ጎን ተሰራጭቶ ብዙዎቹን ጥርሶች ሸፍኗቸዋል። ኮምፒውተሩ ራሙን የሚያነበው በእነዚያ ጥርሶች ነው። ቀለሙ አፏን ዘግቷት ከርሟል።

አዲስ የገባ ዕቃ። በማግስቱ። ሌባ በማያይበት ቦታ። ጉንፋን! የእህቴ የጥፍር ቀለም!

ልጁም ወንበሩ ሥር ያየውን አልረሳም። ዓይኑ ለአንድ አፍታ ወደ አባቴ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀዩ ላይ አሳርፎ ሸፈነውና ቀና ሳይል፣

«አቧራ ነው ጋሼ» አለ። «አቧራ ገብቶባት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳስገባት በደንብ አላጸዳኋትም።»

ሽማግሌዎቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ይኸው! አቧራ ነው!» አሉ ታላቁ፤ እናቴም «እሰይ» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። እኔ ካልተናገርኩ፣ ልጁ ካልተናገረ፣ የአባቴ ስም እንደ ንጹሕ ሸሚዝ ተጣጥፎ ይቀመጥ ነበር።

አባቴ እጁን ዘረጋ። «አምጣት።»

«ጋሼ፣ እኔ አጸዳታለሁ...»

«አምጣት አልኩህ።»

ልጁ ሰጠው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁ።  ከዚያ ዞረ።

«አቧራ ቀይ አይሆንም» አለ።

ራሟን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሮ ቀዩን አሳያቸው።

«ይሄ የኔ ምልክት ነው። ራሙ በገባ ማግስት እሑድ፣ ሰው በሌለበት፣ ለብቻዬ ከፍቼ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለብቻ አይከፈትም የምለው እኔ!» ወደ መጋረጃው ዞረ። «አንቺ፣ ያ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀውን አምጪ፤ አሴቶን የምትሉትን። ቀለምሽም ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።»

እህቴ ከመጋረጃው ወጣች። እኔን አየችኝ፤ ጥርጣሬዋን ያነሳችልኝ በዚያች እይታ ነው። አሴቶኑን አመጣች። አባቴ ጥጥ ነክሮ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ማሸት ጀመረ። እያሸ ለሽማግሌዎቹ ተናገረ።

«ልጃችሁ ሌባ አይደለም» አለ። «ውሸታም ነው።»

ታላቁ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ልጁ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

«በእናንተ ፊት፣ ቤቴ ውስጥ ዋሸኝ። ስሜ በእጁ ነበር። ሌባ ብዬ ጠርጥሬው፣ በሽማግሌ ፊት አንበርክኬው፣ ስሜ በእጁ ወደቀለት። ሊያሳያችሁ ይችል ነበር። በአውራ ጣቱ ሸፈነው።» ጥጡ ቀላ፤ ሌላ ጥጥ ነከረ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሚወስድብኝን ሰው ስጠብቅ ኖርኩ። የሚሸፍንልኝ ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም።»

ራሟን ለልጁ መለሰለት። ልጁ ስንጥቁን በብሩሽ ጠርጎ፣ እፍ ብሎ፣ መልሶ ሰካትና ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው አጓራ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። አባቴ ለስክሪኑ ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ሳይቆጥር ተረክቦ፣ ሳይቆጥርም አስረክቦ የማያውቅ ሰው፣ ቁጥሩ ገና ሳይሞላ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣

«በሉ ተቀመጡ» አላቸው ሽማግሌዎቹን።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ቀድመው ተቀመጡ። እናቴ እልል አለች። እህቴ የአሴቶኑን ጠርሙስ እንደያዘች ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች፤ ልጁም ሱፉን ለብሶ መሬት ላይ እንደተንበረከከ እሷን ያይ ጀመር።

ቁጥሩ ስንት ላይ እንደቆመ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።